ጠባቡ ቦይ፣ ሰፊው ቦይ

ካዛንቺስ፣ ጥቅምት 8 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሜቲ ተካ፤

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። የድሬስደን ብርድ እንዴት ይዞሻል? እኛ እዚህ ለክፉ አንሰጥም፤ ለዚህም ተመስገን ብለናል።

በእጄ መጻፌን አይተሽ «ነጋሲ ደግሞ መቼ ነው ወደ ብዕር የተመለሰው?» ማለትሽ አይቀርም። ኮምፒውተሬ መከራዬን እያበላኝ ነው። ስድስት ሰዓት ይሠራና ድርግም ይላል። ሲበርድ ይነሳል፤ እንደገና ስድስት ሰዓት፣ እንደገና ድርግም።

ነገሩን ከሥሩ ልንገርሽ። ግቢያችን ሊፈርስ ነው። በየበሩ በቀይ ቀለም ምልክት ተደርጎበታል፤ እስከ የካቲት አጋማሽ ለቀን እንድንወጣ ተነግሮናል። አባትሽ ይህን በመስከረም መጀመሪያ እንደሰሙ ጠሩኝና «አንተ የባለሀብት ሕንፃ በኮምፒውተር ስትሥል ነው የምትውለው። እስቲ ደግሞ የእኛን ግቢ ልክ እንዳለ አስቀርልኝ። ሜቲ ስትመጣ በየትኛው በር ወጥታ እንደሄደች ትየው» አሉኝ። የአጎት ነገር፣ እምቢ እላለሁ?

ሥራው እንዲህ ነው። ግቢውን ከየአቅጣጫው በሺህ በሚቆጠር ፎቶ አነሳለሁ። ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን እያስተያየ ግቢውን ስክሪን ላይ መልሶ ይሠራዋል፤ በማውስ እያዞርሽ ጓዳ ድረስ መግባት ትችያለሽ። ስሌቱ ግን ዘጠኝ ቀን ያለ ማቋረጥ ይፈልጋል። ለመብራት መጥፋቱ ትልቅ የመኪና ባትሪ አዘጋጅቻለሁ። ሙቀቱን ነው ያልቻልኩት። ቆርቆሮው ሥር ሠላሳ አራት ዲግሪ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ዘጠና ስድስት ይደርስና ራሱን ያጠፋል። የትኛው ጥግ እንደጎደለ የሚታወቀው ደግሞ ስሌቱ ሲያልቅ ነው። ቤቱ ቀድሞ ከፈረሰ የጎደለውን ደግሜ የማነሳው ከየት አምጥቼ ነው?

አንቺ የማቀዝቀዣ ዕቃ የሚፈትሽ ድርጅት ውስጥ ስለምትሠሪ ነው የማስቸግርሽ። በአየር አልሆነም፤ በውሃ ላድርገው። ፓምፕ ከአሳ ገንዳ አግኝቻለሁ፣ ራዲያተሩን ደግሞ ቄራ ያሉ ሠራተኞች ከሚኒባስ አውጥተው፣ አስተካክለው ሰጥተውኛል። የጎደለኝ ዋተር ብሎክ ነው፤ ፕሮሰሰሩ ላይ የሚታሰረው፣ ውሃ በውስጡ የሚያልፈው የመዳብ ቁራጭ። የትኛው ይሻላል?

ጋሼ ተካ ደህና ናቸው፤ ሰላም ብለውሻል።

ጤናሽ ይብዛ፤
ወንድምሽ ነጋሲ


ድሬስደን፣ ኅዳር 2 ቀን 2005

ወንድሜ ነጋሲ፤

እንደምን ሰነበትክ? እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤህ ሃያ ቀን ፈጅቶ ደረሰኝ።

አለቃዬን አስፈቅጄ ከሥራ ሰዓት ውጭ ሁለት ብሎኮች ፈተሽኩልህ። ፓምፑ አንድ፣ ራዲያተሩ አንድ፣ መቶ ሃምሳ ዋት የሚሰጠው ማሞቂያ አንድ፣ የውሃው ሙቀትም ሃያ አምስት ላይ የቆመ። እያንዳንዱን አምስት ጊዜ ፈትቼ አምስት ጊዜ አሰርኩት። አንድ ጊዜ ብቻ አስረህ የምታገኘው ቁጥር ይዋሻል፤ ብሎኑ ትንሽ ከላላ ወይም በመሃል የሚቀባው ሙቀት አስተላላፊ ቅባት ከወፈረ ሁለት ዲግሪ ወዲያ ወዲህ ይላል።

የመጀመሪያው ውስጡ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የቀጠኑ ቦዮች አሉት። ከውሃው በሃያ አንድ ዲግሪ ብቻ ይሞቃል። የሁለተኛው ቦዮች ሰፋፊ ናቸው፤ በሃያ አምስት ይሞቃል። በፍሰት ግን ተቃራኒ ነው፦ ጠባቡ በደቂቃ ሦስት ሊትር ያሳልፋል፣ ሰፊው አምስት ተኩል። በአንተ ሙቀት አራት ዲግሪ ቀላል ነገር አይደለምና ጠባቡን መርጬልሃለሁ። ለምለም የምትባል ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ ልጅ ይዛልሃለች። ውሃውን ከቧንቧ እንዳትቀዳ። ባትሪ ቤት የሚሸጠውን የተጣራ ውሃ ግዛ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅህ። ሦስት እሑድ ወደ ቤት ደወልኩ፤ ሦስቱንም አንተ አነሳህ። አንዴ ቤተ ክርስቲያን ነው፣ አንዴ ተኝቷል፣ አንዴ ደምበል ሄዷል አልከኝ። አባዬ ደምበል ምን አለው? ሕንፃው ከተሠራ ጀምሮ «የሴቶች ገበያ» ብሎ ረግጦት አያውቅም።

በሚመጣው እሑድ እሱ ያንሳ።

ሜቲ


ካዛንቺስ፣ ታኅሣሥ 3 ቀን 2005 ዓ.ም. (በሰው እጅ)

ለእህቴ ለሜቲ፤

የላክሽው ሁሉ በደህና ደርሶኛል፤ እጅሽ ይባረክ። ለለምለምም ምስጋናዬን አድርሺልኝ።

ብሎኩን ያሰርኩ ዕለት ሙቀቱ ሃምሳ ስምንት ላይ ቆመ። ደስታዬን ለማን ላካፍል? ጎረቤታችንን ቡዜን ጠርቼ ቱቦውን አሳየኋት። አገላብጣ አየችና «እና ሌት ተቀን ውሃ ይጠጣል በለኛ! በቃ ይሄ ከእኛ ይሻላል፣ ፈረቃ አይጠብቅ» ብላኝ ሄደች።

ደስታው አምስት ቀን ነው የቆየው። በአምስተኛው ሰባ አምስት፣ በስድስተኛው ዘጠና፣ ከዚያ የለመደው ድርግም። የመመለሻውን ቱቦ ነቅዬ የአንድ ሊትር ጆግ ውስጥ ለቀቅኩትና ሰዓት ያዝኩ። መጀመሪያ ቀን በሃያ አራት ሰከንድ የሞላው ጆግ አሁን ሁለት ደቂቃ ፈጀበት። ብሎኩን ስከፍተው እነዚያ ቀጫጭን ቦዮች በነጭ ዝቃጭ ድርቅ ብለው ተደፍነዋል።

ጥፋቱ የእኔ ነው፣ አልደብቅሽም። የባትሪ ቤቱን ውሃ በቢጫ ጄሪካን ገዝቼ ጓዳ አስቀምጬ ነበር። አጠገቡ ሌላ ቢጫ ጄሪካን ነበር፤ እሱ ጸበል ነው። በችኮላ ያነሳሁት ጸበሉን ነው። ቡዜ ስትሰማ አማትባ «ጸበል ለብረት አጠጥተህ በሰላም ልትውል ነበር?» አለችኝ። ጸበሉ ምን በወጣው፤ ከዓለት ሲወጣ የዓለቱን ይዞ ነው የሚወጣው። ዞሮ ዞሮ ብሎኩን በሎሚ ባጥበው፣ በመርፌ ብጎረጉረው አልተመለሰም።

ሰፊውን ልትልኪልኝ ትችያለሽ? ፎቶዎቹን ኅዳር አጋማሽ ላይ አንስቼ ጨርሻለሁ። የቀረኝ ስሌቱ ብቻ ነው።

ሌላም ላስቸግርሽ። በኤሌክትሪክ ራሱን እየነፋና እያስተነፈሰ የተኛውን ሰው ከጎን ወደ ጎን የሚያሳርፍ ፍራሽ አለ አሉ። ካገኘሽ ግዢልኝ። ከገጠር ለሚመጣ እንግዳ ነው።

እሑድ ስትደውዪ ጋሼ ተካ ጆሯቸው አስቸግሯቸው ነው ያላነሱት። ደህና ናቸው፤ በራቸው ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ። ሰላም ብለውሻል።

ሰንብቺልኝ፤
ነጋሲ


ድሬስደን፣ ታኅሣሥ 15 ቀን 2005

ነጋሲ፤

ሰላም ለአንተ ይሁን።

ስለ ብሎኩ ልጀምር፣ የሚቀለው እሱ ስለሆነ። ጥፋቱ የእኔም ነው። እዚህ ጠረጴዛዬ ላይ ውሃው ንጹሕ ነው፣ ፓምፑ ጉልበተኛ ነው፤ በዚያ ላይ ያሸነፈውን አንስቼ ቆርቆሮ ሥር ላኩት። አሁን እንዳንተ ያለ ደካማ ፓምፕ አመጣሁ፤ ውሃው ውስጥ ጥቂት የኖራ ዱቄት በትኜ ሁለቱንም ደግሜ አስኬድኳቸው። ጠባቡ በሦስተኛው ቀን ታፈነ። ሰፊው በሳምንት ውስጥ የጨመረው አንድ ዲግሪ ነው። ይህን አስቀድሜ መሞከር ነበረብኝ። ሰፊውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ነገ በሚሄድ ሰው ልኬልሃለሁ።

አሁን የሚከብደው። ጸበሉ ለማን ነው? እኛ ቤት ጸበል በጄሪካን ሲገባ የማስታውሰው እናቴ የታመመች ጊዜ ብቻ ነው።

ለገና አሥር ቀን ፈቃድ አለኝ። የመኖሪያ ወረቀቴ ገና አልተወሰነም፤ ጠበቃዬ አሁን ከአገር ከወጣሽ ላያስገቡሽ ይችላሉ ትላለች። ስድስት ዓመት የጠበቅኩት ነው። ግን አባዬ ካመመው ወረቀቱ ገደል ይግባ፣ እመጣለሁ። ረጅም ነገር አትጻፍልኝ። ኡራኤል ካለው ኢንተርኔት ቤት ሄደህ «ነይ» ወይም «አትምጪ» በለኝ፣ ይበቃኛል።

ሜቲ


ካዛንቺስ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን 2005 ዓ.ም. (በኢሜይል)

እህቴ፤

አትምጪ።

ጸበሉ የቡዜ ነው፤ ወገቧን ያማታል። ቤቱ ደግሞ ዕቃ እየታሰረ ግርግር ነው፤ ብትመጪም የምታርፊበት የለሽም። ወረቀትሽን ጨርሺ፣ ከዚያ በሰላም ትመጫለሽ። ጋሼ ተካም የሚሉት ይህንኑ ነው።

ሰላም ብለውሻል።

ነጋሲ


ድሬስደን፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 2005 (በኢሜይል)

ነጋሲ፤

እሺ፣ ቀረሁ። ቲኬቱን መልሻለሁ።

ፍራሹን አገኘሁት። አልጋ ቤት ስጠይቅ የሕመምተኛ ዕቃ ወደሚሸጥበት ሱቅ ላኩኝ። ሻጩ መጀመሪያ የጠየቀኝ «ሕመምተኛው ስንት ኪሎ ነው?» ብሎ ነው። የፍራሹ ንፋስ የሚስተካከለው በኪሎው ነው አሉ። አላውቅም ብዬ ወጣሁ። እንግዳህ ስንት ኪሎ ነው፣ ነጋሲ?

ለማንኛውም ገዝቼዋለሁ። በጥር መጨረሻ የሚሄድ ሰው አለ። መልካም ገና ለሁላችሁም።

ሜቲ


ካዛንቺስ፣ ጥር 30 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሜቲ፤

ከአንድ ወር በላይ ድምፄን በማጥፋቴ ይቅርታ አድርጊልኝ። ቤቱ ሰው በዝቶበት ነበር።

ፍራሹን ካልላክሽው ተዪው። እንግዳው ሄዷል።

ሰፊው ብሎክ በጊዜው ደርሶኝ ነበር፤ ከሳጥኑ ያወጣሁት ግን ገና ከትናንት በስቲያ ነው። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር። ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው፤ ስልሳ ሦስት ላይ ቆሞ ንቅንቅ አላለም። ጆጉ በአሥራ አምስት ሰከንድ ይሞላል። ከእንግዲህ ጠባቡንና ሰፊውን ለሚጠይቀኝ ሰው መልሱን ካንቺ ቁጥሮች ይልቅ ከጆጌ እነግረዋለሁ። ማሽኑን ማስቆም ስለማልችል ነው አሁንም በእጄ የምጽፈው።

ግቢው ግማሹ ባዶ ነው። በራፍ እየነቀሉ የወሰዱ አሉ። ስሌቱ የካቲት ስድስት ወይም ሰባት ያልቃል፤ ከዚያ የጎደለ ካለ አንድ ሳምንት አለኝ።

አንቺ ብቻ በርቺ።

ነጋሲ


ድሬስደን፣ የካቲት 14 ቀን 2005

ነጋሲ፤

ከአንተ በመጡት ደብዳቤዎች ሁሉ መጨረሻ ላይ «ሰላም ብለውሻል» አለ። በዚህኛው የለም። ደጋግሜ አነበብኩት፤ የለም።

ሲደክምህ ረስተኸው ይሆናል። ፍራሹን ሊወስድ የነበረው ሰው ጉዞውን ስላራዘመ አሁንም አልጋዬ ሥር ነው፤ ሳየው ደስ አይለኝም። ቤቱ ከፈረሰ አባዬን የት ወሰድከው? አድራሻውን ጻፍልኝ።

ሜቲ


ቄራ፣ መጋቢት 6 ቀን 2005 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለሜቲ፤

እንኳን ደስ ያለን! አለቀ።

የካቲት ሰባት ማለዳ ስነሳ ግቢያችን ስክሪኑ ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። የወጥ ቤቱ ጀርባ ብቻ ጎድሎ ነበር፤ በዚያው ቀን ሄጄ አነሳሁት። ቤቱ የካቲት አሥራ ሰባት ፈረሰ። ግማሽ ቀን እንኳ አልፈጀባቸውም። እኔ አሁን ቄራ አንድ ክፍል ተከራይቻለሁ፤ የምታውቂው ሽታ አለ፣ ግን ጣሪያው ኮርኒስ አለው።

በዚህ ፖስታ ያለው ፍላሽ ውስጥ ሁሉም አለ፤ ፎቶዎቹንም ጨምሬልሻለሁ። አጥሩን፣ የውሃ ቧንቧውን፣ አንቺ በልጅነትሽ በምስማር ስምሽን የጫርሽበትን ግድግዳ ታገኛለሽ። ከሁሉ የሚያስደስትሽን ግን ልንገርሽ። ይህ ፕሮግራም የሚንቀሳቀስ ነገር አይወድም፤ ከፎቶ ፎቶ ቦታ ከቀየረ ይጥለዋል። ቡዜ ሳፋ ይዛ ስትመላለስ ስለነበር ጭስ ብጤ ሆና ነው የቀረችው፤ ብታያት ትስቂያለሽ። ዶሮዎቹም የሉም፤ ልብስ ማስጫው ላይ ንፋስ ያወዛወዘው አንሶላም ግማሹ የለም። አባትሽ ግን በራቸው ላይ ወንበር አድርገው እንደተቀመጡ፣ ከነኮታቸው፣ የሸሚዛቸው ቁልፍ ሳይቀር ቁልጭ ብለው ወጥተዋል። በዙሪያቸው መሄድ ትችያለሽ።

በደብዳቤ አላምን ስላልሽ ይኸው በዓይንሽ እዪያቸው። ደህና ናቸው። ሰላም ብለውሻል።

ወንድምሽ ነጋሲ


ድሬስደን፣ መጋቢት 19 ቀን 2005 (በኢሜይል)

ነጋሲ፤

የመኖሪያ ወረቀቴ ሰኞ ወጣ። ፍላሹ ማክሰኞ ደረሰኝ።

አባዬን አየሁት። በዙሪያው ሄድኩ። የጻፍክልኝንም ሁለት ጊዜ አነበብኩ፦ የሚንቀሳቀስ ነገር አይወጣም። ከዚያ ፎቶዎቹን ከፍቼ ሰዓታቸውን አየሁ። የእሱ በር የተነሳው ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት እስከ ሰባት ሰዓት ነው። ፀሐይዋ ከአጥሩ ተነስታ ጣሪያው ላይ ደርሳለች። እሱ አንገቱን አላዞረም። ቀኝ እጁ ጭኑ ላይ እንደተቀመጠ ነው፤ በመጀመሪያውም በመጨረሻውም ፎቶ ጣቶቹ ያው ናቸው። ወገቡ ላይ ከወንበሩ ጋር የታሰረ ነጠላ አለ።

አባዬ አምስት ደቂቃ የማይቀመጥ ሰው ነው። ቁርሱን እየተንጎራደደ ነው የሚበላው።

ስልክ አልደውልልህም። ድምፅህን ከሰማሁ ደግሜ አምንሃለሁ። ጻፍልኝ። አባቴ በሕይወት አለ?

ሜቲ


ቄራ፣ መጋቢት 25 ቀን 2005 ዓ.ም. (በኢሜይል)

እህቴ ሜቲ፤

የለም።

መስከረም ሃያ ሰባት ጠዋት ፊታቸውን ሲታጠቡ ወደቁ። ቀኝ ጎናቸው ሄደ፤ አንደበታቸውም ተያዘ። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ስጽፍልሽ አጠገቤ ተኝተው ነበር። ጸበሉ የእሳቸው ነበር። ፍራሹም ጀርባቸው ስለቆሰለ ነው። ጥር አሥራ አራት ሊነጋጋ ሲል አረፉ። ቡዜና እኔ ነበርን። አልተሠቃዩም ብዬ ብጽፍልሽ ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ተሠቃይተዋል።

እንዳልነግርሽ ያሉኝ ራሳቸው ናቸው። መናገር ስለማይችሉ በግራ እጃቸው ግድግዳው ላይ ያለውን ፎቶሽን አሳዩኝና እጃቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። ወረቀትሽን ያውቁ ነበር። ታኅሣሥ ላይ «ልምጣ» ብለሽ ስትጽፊ ግን አልጠየቅኳቸውም። ሰላም ብለውሻል ያልኩትም፣ ወረቀትሽን ጨርሺ ብለዋል ያልኩትም ከእኔ ነው። ቢሰሙ «ትምጣ» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። «ነይ» ብልሽ ኖሮ ሁለት ሳምንት ነበራቸው፤ ያዩሽ ነበር። ይህን ሳስብ እንቅልፍ የለኝም፤ እንዲኖረኝም አልለምንም።

ሥዕሉን የላኩልሽ ደህና ናቸው ብለሽ እንድታምኚ ነበር። ስንት ጊዜ አይቼዋለሁ መሰለሽ፤ አንቺ ያየሽውን አንድ ጊዜም አላየሁትም። በየቀኑ አውጥቼ የማስቀምጣቸው እኔ ስለሆንኩ እንደዚያ ሆነው መቀመጣቸውን ለምጄዋለሁ።

አሁን የምለምንሽ አንድ ነገር ነው። መርዶሽን የሚያረዱ ሰዎች ተዘጋጅተዋል። ወረቀትሽ መውጣቱን አንቺ ሳትጽፊልኝ ከወዳጆችሽ ሰምቼ ለአቶ ሊካሳ ደወልኩ፤ የአባትሽ የወጣትነት ጓደኛ፣ ላይፕሲግ ያሉት። ሁለት ሴቶች ይዘው ቅዳሜ በማለዳ ቤትሽ ይመጣሉ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ምን ብለው እንደሚጀምሩ ሦስት ጊዜ ደውለው ጠይቀውኛል። እንደምታውቂ ብነግራቸው ይቀራሉ፤ ከቀሩ ደግሞ ብቻሽን መሆንሽ ነው። እባክሽን፣ በሩን ስትከፍቺ እንዳላወቀ ሰው ሁኚላቸው።

ነጋሲ


ድሬስደን፣ መጋቢት 29 ቀን 2005

ነጋሲ፤

መጡ። ገና አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሆን ደወሉ። ከሌሊቱ ጀምሮ ለብሼ ተቀምጬ ነበር፤ ግን እንዳልከኝ ፀጉሬን በትኜ፣ ከእንቅልፌ እንደተነሳሁ ሆኜ ከፈትኩ። «ምነው በሰላም?» አልኳቸው። ድምፄን ያላመኑት መስሎኝ ፈርቼ ነበር።

ሴቶቹ በግራና በቀኜ ተቀመጡ። አቶ ሊካሳ ኮፍያቸውን አወለቁ። ስለ ሥራዬ ጠየቁኝ፤ ስለ ወረቀቴ እንኳን ደስ አለሽ አሉኝ። ከዚያ «አባትሽ» ብለው ጀመሩና ብርጭቆውን አነሱ። ውሃ ጠጡ። «አባትሽ» አሉ ደግመው፣ ኮፍያቸውን ጭናቸው ላይ አገላበጡ። በሦስተኛው «አባ» ላይ ቀሩ። አላስቻለኝም። እጃቸውን ያዝኩና «አዎ፣ ጋሼ» አልኳቸው። ከዚያ በኋላ ያለቀስኩት የማስመሰል አልነበረም። እስከ ማታ አብረውኝ ዋሉ።

ግንቦት አምስት እመጣለሁ። ይቅር ብዬሃለሁ ብዬ መጻፍ አልችልም፤ እስካሁን በመካከላችን የተጻፈው ውሸት ይበቃል። ግን ሌላ ሰው እንዳትልክ። አየር ማረፊያ የምትቀበለኝም፣ መቃብሩ ድረስ የምትወስደኝም አንተ ነህ።

ሜቲ